ሌሊቱን ያልተሻገረችው ክንፍ



የአንደሉስን ታሪክ ሳስተምር ዐባስ ኢብኑ ፊርናስ ላይ ስደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቁርጡባ ይኖሩ የነበሩት እኚህ ሊቅ ሰውነታቸውን በላባ ሸፍነው፣ ክንፍ አበጅተው ከከፍታ ላይ መነሣታቸውን፣ ጥቂትም በአየር ላይ ከሄዱ በኋላ ወድቀው ጀርባቸው መጎዳቱን የጻፉልን ከእርሳቸው ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የኖሩት ታሪክ ጸሐፊ አል-መቀሪ ናቸው። አል-መቀሪ የውድቀታቸውንም ምክንያት አያይዘው ይነግሩናል፤ ወፍ ስታርፍ በጅራቷ እንደምትጠቀም ልብ አላሉም፣ ለራሳቸውም ጅራት አላበጁም ነበር ይላሉ። ባለፈው ጊዜ ይህን ስተርክ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ኡስታዝ፣ ጅራት የሌለው ነገር አይበርም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይበራል፤ ጅራትም፣ አካልም፣ የሚቀመጥበት ሰውም ሳይኖረው ክንፍ ብቻ ሆኖ፣ ነዳጅ ሳይቀዳለት በፀሐይ ብርሃን አግድም ከሚበር ከየትኛውም አውሮፕላን በላይ ወጥቶ ያውቃል። ይኸው ክንፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ለልጅቷ በዚያ ሰዓት የነገርኳት በአጭሩ ነበር። እዚህ ግን ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ችግሩን እንወቀው። ሰማይ በጠራበት እኩለ ቀን ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ምድር ላይ የምታሳርፈው ኃይል 1,000 ዋት ያህል ነው። ጥሩ የሚባል ሶላር ሴል ከዚህ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ገደማ ነው። አንዲት የልብስ ካውያ ለማሞቅ እንኳ 5 ካሬ ሜትር የሚሆን ሶላር ያስፈልጋል ማለት ነው። ታዲያ በዚህ ጉልበት አውሮፕላን ማንሣት እንዴት ይቻላል? የሚቻለው አውሮፕላኑ ክንፈ ሰፊና እጅግ ቀላል ሲሆን ብቻ ነው። ሰፊ ነገርን ቀላል ማድረግ ደግሞ ከባድ ጥበብ ነው፤ ረጅም ክንፍ እንዳይታጠፍ ማጠንከር አለብህ፣ ባጠነከርከው ቁጥር ይከብዳል፣ በከበደ ቁጥር ፀሐይ አትችለውም።

የመጀመሪያዋ የፀሐይ አውሮፕላን ሰው የማይጫንባት ሳንራይዝ የተባለች ስትሆን፣ በኖቬምበር 4 ቀን 1974 በካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ በደረቀ ሐይቅ ላይ ተነሥታ በረረች። ሠሪዋ ሮበርት ቡሼር ይባላሉ። ነገር ግን ይህን ጥበብ ወደ ፊት የገፉት ሌላ ሰው ናቸው፤ ዶክተር ፖል ማክሪዲ።

የማክሪዲ ታሪክ የሚጀምረው ከዕዳ ነው። ለዘመዳቸው የባንክ ብድር ዋስ ሆነው ገቡ፤ ንግዱ ከሰረና 100,000 ዶላር ገደማ ዕዳ በራሳቸው ላይ ወደቀ። ዋስ ሆኖ የተቃጠለ ሰው በየመንደራችን ስላለ ይህ ለአንባቢ አዲስ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሄንሪ ክሬመር የተባሉ የኢንዱስትሪ ባለሀብት በሰው ጉልበት ብቻ ለሚበር አውሮፕላን 50,000 ፓውንድ ሽልማት አዘጋጅተው ነበር። ማክሪዲ የሽልማቱን ገንዘብ በዶላር ሲመነዝሩት ከዕዳቸው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኙት! በ1976 ዕረፍት ላይ ሳሉ ጭልፊቶችና አሞራዎች ሲያንዣብቡ እየተመለከቱ ያሰሉት ስሌት ይህ ነበር፦ ክብደቱን ሳይጨምሩ የክንፉን ርዝመትና ስፋት ሦስት ሦስት እጥፍ ቢያደርጉት፣ ለመብረር የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ ሲሶ ይወርዳል። በአሉሚኒየም ቱቦ፣ በቀጭን ሽቦና በፕላስቲክ ሽፋን የሠሯት ጎሳመር ኮንዶር በኦገስት 23 ቀን 1977 ሽልማቱን ወሰደች።

ሰው በእግሩ ፔዳል እየመታ የሚያነሣት አውሮፕላን ካለች ፀሐይም ልታነሣት ትችላለች። በ1980 ጎሳመር ፔንጉዊን የተባለችውን በፀሐይ ኃይል ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረራት የማክሪዲ የ13 ዓመት ልጅ ማርሻል ነው። ለምን ልጅ ተመረጠ ቢሉ፣ ክብደቱ 36 ኪሎ ብቻ ስለነበር ነው። (አባት ልጁን እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ መጫኑን እኔ በበኩሌ አልወደድኩለትም።) ቀጥላ የመጣችው ሶላር ቻሌንጀር በጁላይ 7 ቀን 1981 ከፓሪስ አቅራቢያ ተነሥታ፣ በስቲቨን ፕታቼክ አብራሪነት የእንግሊዝን ቦይ ተሻግራ በ5 ሰዓት ከ23 ደቂቃ እንግሊዝ አገር ገባች። ከ16,000 በላይ ሶላር ሴሎች በክንፏና በጅራቷ ላይ ተለጥፈውባት ነበር። ባትሪ አልነበራትም፤ ፀሐይ ከጠለቀች እሷም መውረድ ነበረባት።

ነገሩ ሁሉ የሚጠጥረው እዚህ ላይ ነው። በመድረሳችን ጣሪያ ላይ አንድ የሶላር ሰሌዳ አለ፤ ቀን ይሞላል፣ ከመግሪብ በኋላ ለሚቀሩ ልጆች ብርሃን ይሰጣል። ሰሌዳውን አንድ ሰው በብብቱ ይዞት መጣ፤ ባትሪውን ግን ለሁለት ተሸክመን ነው ያመጣነው። የቀኑ ብርሃን ቀላል ነው፤ ለሌሊት የሚቀመጠው ግን ከባድ ነው። በቀን የምትበር የፀሐይ አውሮፕላን መሥራት ከ1981 ወዲህ የሚታወቅ ነገር ሆኖ ነበር። ሌሊቱን በሰማይ አሳልፋ ንጋት ላይ እንደገና ከፀሐይ የምትገናኝ አውሮፕላን ግን አልነበረችም። እንዲህ ያለች ብትገኝ ለሳምንታት፣ ለወራትም ሳትወርድ መኖር ትችላለች፤ ለስልክ መስመር፣ ለአየር ጠባይ ጥናት፣ ሰደድ እሳትን ለመጠበቅ ትጠቅማለች። ለስለላም ትጠቅማለች፤ ይህንም መሸፋፈን አይገባም። የማክሪዲ ኩባንያ ኤሮቫይሮንመንት ክንፍ ብቻ የሆነችውን የመጀመሪያ አውሮፕላን በ1983 በኔቫዳ በረሃ የሞከራት ለአሜሪካ መንግሥት በምስጢር ነበር። የዚያን ዘመን ሴልና ባትሪ ስላልበቃት አሥር ዓመት መጋዘን ውስጥ ተቀመጠች።

በ1993 ከመጋዘን ወጥታ ፓዝፋይንደር ተባለች፤ ጥቂት ቆይቶም ናሳ ለምርምር ተረከባት። በ1997 ሃዋይ ውስጥ ከካዋይ ደሴት ተነሥታ 21,802 ሜትር ወጣች። ክንፏ ረዝሞ ፓዝፋይንደር ፕላስ ስትባል በ1998 24,445 ሜትር ደረሰች። በ2002 ደግሞ በዚያው ደሴት በአሜሪካ ትልቁ በሆነው የቡና እርሻ ላይ እያንዣበበች ፎቶግራፍ በማንሣት የቡናው ፍሬ የትኛው ማሳ ላይ እንደበሰለ ለገበሬዎቹ አሳየች። የቡና አገር ሰዎች ነንና ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልሆነልኝም።

ከሁሉ የምትበልጠው ግን ሄሊዮስ ነበረች። ስሟ የጥንት ግሪኮች ያመልኩት ከነበረው የፀሐይ ጣዖት የተወሰደ ነው፤ ስሙን ለሰጡት ሰዎች ትተን ሥራዋን እንይ። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 75 ሜትር ነው፤ ከጃምቦ ጄት ክንፍ ይረዝማል። ባዶ ክብደቷ ግን 600 ኪሎ ብቻ ነው፤ የጃምቦውን ስንት ቶን አንባቢ ያውቀዋል። ዋናው አግዳሚዋ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ቱቦ ሲሆን፣ ፊቷ ከስታይሮፎም፣ ቆዳዋ ብርሃን ከሚያሳልፍ ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ከ62,000 በላይ ሶላር ሴሎች 14 ትናንሽ ሞተሮችን ያዞራሉ፤ የእያንዳንዱ ሞተር ጉልበት 2 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። መሪ የላትም፤ ወደ ግራ መዞር ስትፈልግ የቀኙ ሞተሮች ይበረታሉ፣ ወደ ቀኝ ሲሆን የግራዎቹ። ዝቅ ብላ ስትበር ፍጥነቷ በሰዓት ከ30 እስከ 43 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎበዝ ብስክሌተኛ ይደርስባታል።

ክንፏም ይታጠፋል። መሬት ላይ ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ስትነሣ ጫፎቹ ወደ ላይ ከፍ ብለው እንደ ደጋን ይሆናል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። እንዳይታጠፍ ቢያጠነክሩት ይከብድ ነበርና። ይሁንና ይህን ያህል ለስላሳ ነገር ሳይሰበር እንዴት ይኖራል?

መልሱ ከጭነቱ አቀማመጥ ላይ ነው። አሥር ተማሪዎች አንድ ረጅም ቀርከሃ በትከሻቸው ቢይዙ፣ በእያንዳንዱም ተማሪ አጠገብ የየራሱ ዘንቢል ቢንጠለጠል፣ ቀርከሃው ቀጥ እንዳለ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ይሸከማልና። አሥሩን ዘንቢል ሰብስባችሁ መካከሉ ላይ ብታንጠለጥሉት ግን መካከሉ ይጎብጣል፣ ጫፎቹም ወደ ላይ ይነሣሉ። ቀርከሃውም ያው ነው፣ ተማሪዎቹም ያው ናቸው፣ ክብደቱም ያው ነው። የሄሊዮስን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸከመው አየር ነው፤ እነ ማክሪዲም ሞተሩን፣ ሴሉን፣ ባትሪውን በክንፉ ርዝመት ሁሉ በትነው ነበር። እያንዳንዱ የክንፍ ክፍል የራሱን ጭነት ራሱ ስለሚያነሣ ለስላሳው ክንፍ ብዙም ሳይጨነቅ ኖረ።

በኦገስት 13 ቀን 2001 ሄሊዮስ ከካዋይ ተነሥታ 29,524 ሜትር ወጣች። በክንፍ የሚበር አንድም አውሮፕላን እዚያ ከፍታ ላይ አግድም ሲበር አልታየም ነበር፤ ኤስ አር 71 የተባለችው የአሜሪካ ጦር ፈጣን ጄት በ1976 ያስመዘገበችው ከ26,000 ሜትር አይዘልቅም። እዚያ ላይ አየሩ እጅግ ስስ በመሆኑ ከማርስ አየር ጋር ያመሳስሉታል። ጠዋት ወጥታ ሌሊት ተመለሰች፤ በረራው ወደ 17 ሰዓት ፈጀ።

ቀጥሎ የሚጠበቅባት ሌሊቱን መሻገር ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፤ ቀን የተረፈው የፀሐይ ኤሌክትሪክ ውሃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን ይከፍላል፣ ሌሊት ሁለቱ ተመልሰው ሲገናኙ ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ፣ ውሃውም ለነገ ይቀራል። ይህ መሣሪያ ግን እየከበደ፣ ጊዜም እየወሰደ መጣ። መጀመሪያ ለከፍታውና ለረጅሙ በረራ ሁለት የተለያዩ አውሮፕላኖች ሊሠሩ ታስቦ ነበር፤ በጀቱ አልፈቀደምና አንዷ ክንፍ ለሁለቱም ሥራ ትዋል ተባለ። ውሃውን መልሶ በሚጠቀመው መሣሪያም ፈንታ ሃይድሮጂን ተሞልቶለት አልቆ የሚቆም ሌላ ፊዩል ሴል ተመረጠ። ክብደቱ 236 ኪሎ ገደማ ነው። ያንን ሁሉ አንድ ላይ አድርገው በክንፉ መካከል ሰቀሉት፤ የሃይድሮጂኑን ሁለት በርሜሎች ደግሞ በክንፉ ግራና ቀኝ ወደ ውጭ ራቅ አድርገው አንጠለጠሉ። ሞተሮቹ ከ14 ወደ 10 ተቀነሱ። በ2001 ስትነሣ 720 ኪሎ ገደማ የነበረችው ሄሊዮስ አሁን ከአንድ ቶን በላይ ሆነች። የዘንቢሎቹን ነገር አስታውሱ!

እውነት ለመናገር ሰዎቹ ቸልተኞች አልነበሩም። አስልተዋል፣ ሞክረዋል። በጁን 7 ቀን 2003 በዚሁ አዲስ ጭነት በርራ በሰላም ተመልሳለች።

ጁን 26 ቀን 2003 ረፋዱ 4 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ላይ እንደገና ተነሣች። ከደሴቲቱ በስተ ምዕራብ ወደ ባሕሩ አመራች። ግማሽ ሰዓት ገደማ ስትበር፣ ከፍታዋ 850 ሜትር ያህል ሳለ የሚናወጥ አየር አገኛት። ክንፉ እንደ ወትሮው ተደገነ፤ ነገር ግን አልተመለሰም። ጫፎቹ ከመካከሉ ከ9 ሜትር በላይ ከፍ ብለው እዚያው ቀሩ። ክንፉ ያን ያህል ሲደገን አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ወደ ላይና ወደ ታች ማወዛወዝ ጀመረች፤ እያንዳንዱም መወዛወዝ ከፊተኛው የባሰ ሆነ። ቁልቁል ባለች ጊዜ ፍጥነቷ ከተሠራችበት ልክ አለፈ። የክንፉ የላይኛው ቆዳ ከነሴሎቹ ተላጠ፤ ሄሊዮስም ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ወደቀች። በውስጧ ሰው አልነበረም፣ ከታችም የተጎዳ የለም። ከስባሪዋ ብዙው ተለቅሞ ወጣ፤ ከባዱ ፊዩል ሴል ግን ወደ ባሕሩ ጥልቀት ሰጠመ።

ናሳ ያቆመው የመርማሪዎች ቡድን ሪፖርቱን በ2004 አወጣ። እኔ ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከበረራዋ ይልቅ ይህ ሪፖርት ነው። አውሎ ነፋስ ነው አላለም፤ አብራሪው ነው አላለም። ሁለት ነገር ነው ያስቀመጠው። አንደኛው፣ ጭነቱ በክንፉ ሁሉ ተበትኖ የነበረችውን ጠንካራ አውሮፕላን በበጀትና በቴክኒክ ችግር ምክንያት ለውጣችሁ ጭነቷን ጥቂት ቦታ ላይ ሰበሰባችሁት፤ ክንፉ ግን ያው የድሮው ነው። ሁለተኛው፣ እንዲህ የሚታጠፍ ክንፍ በሚናወጥ አየር ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያሳይ በቂ የስሌት ዘዴ ስላልነበራችሁ አደጋውን ከእውነተኛው መጠኑ አሳንሳችሁ ገመታችሁት። የክንፉ መታጠፍ፣ የአየሩ ግፊት፣ የአውሮፕላኗ መወዛወዝ፣ የሞተሮቹ ጉልበት ለየብቻ ሲሰሉ ደኅና ይመስላሉ፤ በአንድ ጊዜ አንዱ ሌላውን እየገፋ ሲሄድ ግን ሌላ ነገር ናቸው። በቡድኑ ምክር መሠረት እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሰሉ ዘዴዎች በየዩኒቨርሲቲው ተስፋፉ፤ ዛሬ ስለሚታጠፍ ክንፍ የሚጽፍ ተመራማሪ ሁሉ የሄሊዮስን ስም ሳያነሣ አያልፍም። ስንት መሥሪያ ቤት በራሱ እጅ ያጠፋውን ነገር እንዲህ አውጥቶ ይጽፋል?

ትምህርቱ ግን በሁሉም ዘንድ ቶሎ አልገባም። በሜይ 2015 የጉግል የሆነችው ባለ 50 ሜትር ክንፍ ሶላራ በኒው ሜክሲኮ ሽቅብ በሚወጣ ሞቃት አየር ውስጥ ገብታ ክንፏ ተሰባብሮ ወደቀች። በጁን 2016 የፌስቡኳ አኩዊላ በመጀመሪያ በረራዋ መጨረሻ፣ ልታርፍ ስትል ነፋስ አንሥቷት ክንፏ ተሰበረ። ሁለት ባለጸጋ ኩባንያዎች ናቸው፤ ገንዘብ አልጎደላቸውም።

ሌሊቱን የተሻገሩትስ? በዐረቡ ዓለም ብዙ የተወራላት የስዊሶቹ ሶላር ኢምፐልስ ናት። ሰው ጭና ከአቡ ዳቢ በማርች 2015 ተነሥታ፣ ዓለምን ዞራ በካይሮ በኩል በጁላይ 2016 አቡ ዳቢ ተመለሰች፤ ከጃፓን ሃዋይ ድረስ አንድ ሰው ብቻውን ወደ 118 ሰዓት አበረራት። በዚያ ጉዞ ባትሪዎቿ ከመጠን በላይ ሞቀው በመጎዳታቸው ሃዋይ ላይ ወራት ቆማ ከርማለች። የሄሊዮስ ታናሽ እኅት ልንላት የምንችለውን ባለ 78 ሜትር ክንፍ ሰንግላይደር ደግሞ ይኸው ኤሮቫይሮንመንት ከአንድ የጃፓን ኩባንያ ጋር ሠርቶ በሴፕቴምበር 2020 ወደ ስትራቶስፌር አወጣት። 10 ሞተሮች አሏት፤ እሷም ጅራት የላትም። 20 ሰዓት ከ16 ደቂቃ በርራ በደኅና አረፈች። ማክሪዲ ግን ይህን አላዩም፤ በኦገስት 2007 ሞተዋል።

ከሁሉ የቆየችው ትንሿ ዘፊር ናት። መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የተሠራች፣ በኋላም ኤርባስ የተረከባት ስትሆን፣ ክንፏ 25 ሜትር፣ ክብደቷ 75 ኪሎ ያህል ነው። ሰዎች በእጃቸው ይዘው ሮጠው ይለቋታል። ጊዜው እየቀለሉ የመጡ ባትሪዎችን ስላመጣላት ሃይድሮጂን አላስፈለጋትም። በ2010 ለ14 ቀናት፣ በ2022 ለ64 ቀናት ሳትወርድ በረረች። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ከጎረቤታችን ከኬንያ፣ ከላይኪፒያ ተነሥታ 67 ቀናት በሰማይ ቆየች። በምድር ወገብ አካባቢ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ስለሚሆኑ እንደ ሰሜኑ አገር ክረምት የረዘመ ሌሊት አያስጨንቃትም።

የዘፊርን ሥዕል ለዚያች ልጅ ባሳየኋት ጊዜ አተኩራ አየችውና፣ «ይቺኛዋ ግን ጅራት አላት» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አላት።